ማዘዣው ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ሲሆኑ፦ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እማማ ወደ ክሊኒኩ የመጡት ከልጃቸው ጋር ነበር፤ መድኃኒታቸውን በጥቁር ፌስታል ቋጥረው። ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው ስምንት ዓይነት ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ ኢናላፕሪል አለ። እዚህ ሜሪላንድ ሌላ ክሊኒክ የጻፈላቸው ሊዚኖፕሪል አለ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የሚያሸና ክኒንም አለ። ለጉልበታቸው ደግሞ ከአገር ቤት በሰው የተላከላቸው ዳይክሎፌናክ። ሁሉንም በየቀኑ ይውጣሉ። «እኔ የታዘዘልኝን አላጓድልም» አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

ኢናላፕሪልና ሊዚኖፕሪል ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች፣ ሁለቱም የግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ አንዱን ደርቦ እንደ መዋጥ ነው። በዚያ ላይ የሚያሸናው ሲጨመር፣ ከሁሉም በላይ ዳይክሎፌናክ ሲደረብ፣ መከራው በኩላሊት ላይ ነው። ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚገባበትን ያጠብበታል፣ የግፊቱ መድኃኒት ደሙ የሚወጣበትን ያሰፋበታል፣ የሚያሸናው ደግሞ የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል። ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጥረዋል።

ነርስ በነበርኩበት ዘመን ቢሆን ዝርዝሩን በጥንቃቄ ጽፌ፣ ያሳሰበኝን ምልክት አድርጌ፣ ሐኪሙን እጠራ ነበር። ያን ቀን የምጠራው ሰው አልነበረም፤ የሚጠራው ሰው እኔ ነበርኩ። የትኛው ይቁም? የትኛው ይቀጥል? ሁለቱን ባስቆም ግፊታቸው ቢሻቅብስ? ደማቸው ዛሬ ይታይ ወይስ ለቀጠሮ ይደር? ውጤቱ ማታ ቢመጣ ማን ያየዋል? ኢናላፕሪሉንና ዳይክሎፌናኩን አስቆምኩ፣ ደም አስወሰድኩ፣ የቀሩትን መድኃኒቶች በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ጽፌ ለልጃቸው ሰጠሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ውጤቱ ደረሰ፤ ፖታሲየማቸው 5.6 ነበር፣ ከሚገባው በላይ። ከራት ተነስቼ ደወልኩ፤ ሊዚኖፕሪሉንም ለጊዜው አስቆምኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ደማቸው በድጋሚ ታየ፣ ልባቸውም በኢ ኬ ጂ ተነሳ።

በየልደቱና በየክርስትናው ድግስ ላይ አር ኤን የሆኑ ወገኖች ወደ ጥግ ወስደው ያማክሩኛል። ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ኦንላይን አለ ወይ፣ ክፍያው ምን ያህል ነው ይሉኛል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚያች ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ማመልከቻዎን ከመላክዎ በፊት እሷንም ከሒሳብ እንዲያስገቧት ነው።

ሥራው ከየት መጣ

ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ሆነው ያቋቋሙት ሥልጠና ነበር፤ ሐኪም በማይገኝበት አካባቢ ያሉ ሕፃናት በሠለጠነ ነርስ እንዲታዩ። ፎርድ በ2025 በ104 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ያሠለጥናቸው ከነበሩት መካከል ጤና መኮንኖች ይገኙበታል። ሐኪም ባልደረሰበት ወረዳ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝዘው ጤና መኮንኑ ነበር። አባትዎ «ታዲያ ዶክተር ልትሆን ነው ወይስ ነርስ?» ብለው ከተቸገሩ «እንደ ጤና መኮንን» ይበሏቸው። ልክ አንድ ባይሆንም ይቀርባል። ሕመምተኛው «ዶክተር» ሲልዎ ግን ባለበት አይለፉት፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን ማድረግ እንደሚችሉና መቼ ወደ ሌላ እንደሚልኩት ማወቅ መብቱ ነው።

ገንዘቡን በወረቀት ላይ ያስሉት

የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው አኃዝ የአር ኤን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 86,070 ዶላር፣ የነርስ ፕራክቲሽነር 126,260 ዶላር መሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ ያጓጓል። ነገር ግን ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በዚያም ላይ ኦቨርታይም የሚሠራ አር ኤን ከዚያ አኃዝ በእጅጉ ሊያልፍ ይችላል። ነርስ ፕራክቲሽነር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቁርጥ ደመወዝ ስለሚሠራ፣ ማታ ቤቱ ሆኖ የሚጨርሰው ቻርት ኦቨርታይም የለውም። የትምህርቱን ክፍያ፣ በክሊኒካል ጊዜ የሚቀንሱትን ሺፍትና የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ አንድ ላይ ደምረው ይዩት። ተደምሮም የሚያዋጣዎት ይሆናል። ግን ለገንዘቡ ብቻ ከሆነ አልመክርም፤ ይህን የምለው በቅንነት ነው።

ማንን ማከም ይፈልጋሉ?

ይህን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚያስበው። በ2008 በወጣው የጋራ ስምምነት መሠረት ትምህርቱም ፈተናውም ላይሰንሱም የሚሰጠው ለአንድ የሕዝብ ክፍል ነው፤ ለቤተሰብ፣ ለአዋቂዎችና አረጋውያን፣ ለጨቅላዎች፣ ለሕፃናት፣ ለሴቶች ጤና ወይም ለአእምሮ ጤና። በቤተሰብ ዘርፍ የተመረቀ ሰው «አሁን ሳይካትሪ ገበያ አለው» ብሎ ዘሎ አይገባም፤ ተመልሶ ተምሮ፣ ክሊኒካል ሰዓቱን ሞልቶ ሌላ ፈተና ይወስዳል። አሥር ዓመት አይ ሲ ዩ የሠሩ ነርስም የቤተሰብ ዘርፉን ከመረጡ የሠለጠኑት ለክሊኒክ ነው፤ ያውቁታል የሚሉት አይ ሲ ዩ ከአዲሱ ላይሰንስዎ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤቱን ሲመርጡ

መጀመሪያ እውቅናውን ይዩ። ፕሮግራሙ በሲ ሲ ኤን ኢ ወይም በኤ ሲ ኢ ኤን ወይም በሲ ኤን ኢ ኤ እውቅና ከሌለው ለብሔራዊ ፈተና አያስቀምጥዎትም፤ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚኖሩበት ስቴት የዚያን ትምህርት ቤት ተማሪ ለክሊኒካል ይቀበል እንደሆነ ያጣሩ፤ በተለይ ትምህርት ቤቱ ሌላ ስቴት ሆኖ ትምህርቱ ኦንላይን ከሆነ።

ሦስት ኮርሶች አሉ፤ ተማሪዎች «ሦስቱ ፒዎች» የሚሏቸው። ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ እና ፊዚካል አሰስመንት፣ ሁሉም በከፍተኛ ደረጃ። ማን እንደሚያስተምራቸው፣ ፈተናው እንዴት እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ፋርማኮሎጂን በየሳምንቱ የውይይት ጽሑፍ በመለጠፍ ብቻ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት ቢቀልልዎትም አይምረጡት። በኋላ የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

ክሊኒካል ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛው 500 ሰዓት ነበር፤ በ2022 የወጣው ብሔራዊ መስፈርት ሕመምተኛን በቀጥታ የሚያዩበት ቢያንስ 750 ሰዓት ይላል። ያም ቢሆን በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰላ አምስት ወር እንኳ አይሞላም፤ የሐኪሞች ሬዚደንሲ በዓመታት እንደሚቆጠር ያስታውሱ። ስለዚህ ያሉት ጥቂት ሰዓቶች ከማን ጋር እንደሚያልፉ ወሳኝ ነው። በክሊኒካል የሚያሠለጥንዎትን ፕሪሴፕተር የሚፈልገው ማነው፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ እርስዎ? ብለው ከመመዝገብዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት «እናግዝዎታለን» ብሎኝ ነበር። እገዛው የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ሆኖ ተገኘ፤ ግማሹ የማይሠራ። በምሳ ሰዓቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ 41 ክሊኒክ ደውያለሁ። የተቀበለኝ አርባ አንደኛው ነው፤ እሱም ሰው የሚቀያየርበት ክሊኒክ ስለነበር ሕመምተኛን ተከታትሎ ማየትን አልተማርኩበትም። ያን ክፍተት ለመሙላት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አር ኤን ሆኖ ሳይሠሩ በቀጥታ መግባት ይቻላል ወይ? አንዳንድ ፕሮግራሞች ይቀበላሉ። እኔ ቢያንስ ሁለት ዓመት አልጋ አጠገብ ይሥሩ እላለሁ። «ይህ ሰው ደህና አይመስለኝም» የሚል ስሜት ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ሺፍት ላይ ነው የሚያድገው።

በየትኛው ስቴት ነው የሚሠሩት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሦስቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ማዳረስ ይቻላል፤ የእኛም ሰው በሦስቱም ሞልቷል። ሕጉ ግን ሦስት ነው።

ሜሪላንድ በ2015 ባወጣው ሕግ ነርስ ፕራክቲሽነር ያለ ሐኪም ስምምነት መርምሮ እንዲያክም፣ መድኃኒትም እንዲያዝዝ ፈቅዷል፤ አዲስ ላይሰንስ የሚያወጣ ግን ለ18 ወር የሚያማክረው ሰው ማስመዝገብ አለበት። ያ አማካሪ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ነርስ ፕራክቲሽነር ሊሆን ይችላል። ዲሲም ሙሉ ሥልጣን ከሚሰጡት ወገን ነው። ቨርጂኒያ ከተሻገሩ ግን መጀመሪያ ከሐኪም ጋር በስምምነት ይሠራሉ፤ በ2024 በተሻሻለው ሕግ የሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ካጠራቀሙ በኋላ ነው በራስዎ ለመሥራት የሚያመለክቱት። ሚኒሶታ ከ2015 ጀምሮ ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ ሥልጣኑን ከማግኘትዎ በፊት ግን 2,080 ሰዓት ከሌላ ባለሙያ ጋር ተባብሮ መሥራትን ይጠይቃል።

ቴክሳስ ሌላ ዓለም ነው። ዳላስና ሂዩስተን ላሉ ወገኖቼ በግልጽ ልንገራቸው፦ እዚያ የማዘዝ ሥልጣን የእርስዎ አይደለም፣ ሐኪም በጽሑፍ ስምምነት የሚወክልዎ ነው። እንደ ኦክሲኮዶንና አደራል ያሉትን፣ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች በሁለተኛው መደብ የሚገኙትን ደግሞ ከሆስፒታልና ከሆስፒስ ውጭ ማዘዝ አይችሉም። ስምምነት የገባልዎ ሐኪም ጡረታ ቢወጣ ወይም ቢለቅ ክሊኒክዎ በማግስቱ ማዘዝ ያቆማል። የግል ክሊኒክ ለመክፈት የሚያስቡ ከሆነ ይህን ኪራይ ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት።

በቴሌሄልዝ ለመሥራት ካሰቡ፣ የሚገዛዎ እርስዎ የተቀመጡበት ሳይሆን ሕመምተኛው ያለበት ስቴት ሕግ ነው። ሕመምተኛዎ አትላንታ ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ከዚያ ብትደውል፣ የጆርጂያ ላይሰንስ ያስፈልግዎታል።

አንድ ነገር ግን ከስቴት ስቴት አይለወጥም። የሐኪም ስም ወረቀቱ ላይ ቢኖርም ባይኖርም፣ እርስዎ ለጻፉት መድኃኒት የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። «ዶክተሩ ፈቅዶልኝ ነው» የሚለው መልስ የነርሲንግ ቦርድ ፊት አያድንም።

ለማዘዝ ምን ያህል ማወቅ ይጠይቃል?

ነርስ መድኃኒት ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው ከታዘዘ በኋላ ነው። ስሙን፣ መጠኑን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን፣ ከመስጠቱ በፊት ምን እንደሚያይ። የሚያዝዝ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ያወጣው የማዘዝ መመሪያ ነገሩን በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ የሕመምተኛውን ችግር ለይቶ ማወቅ፣ ሕክምናው ምን እንዲያመጣ እንደሚፈለግ መወሰን፣ የተመረጠው ሕክምና ለዚህ ሰው መስማማቱን ማረጋገጥ፣ መጀመር፣ ለሕመምተኛው ማስረዳት፣ ውጤቱን ተከታትሎ መቀጠል ወይም ማቆም። ልብ ይበሉ፤ ማዘዣው የሚጻፈው አራተኛው ላይ ሲደረስ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ቀላል የሚመስለውና ሰው የሚወድቅበት ሦስተኛው ነው። ለዚህ ሰው ይስማማዋል ወይ?

ሜትፎርሚንን እንይ። የስኳር ሕመም ያለው ሁሉ የሚያውቀው ክኒን ነው። የኩላሊት ማጣሪያ መጠን ከ30 በታች ከወረደ አይሰጥም፤ በ30 እና በ45 መካከል ከሆነ እንደ አዲስ መጀመር አይመከርም። ስለዚህ ሜትፎርሚን ከመጻፍዎ በፊት የሚያዩት ስኳሩን ብቻ አይደለም። ባክትሪምንም እንይ፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ በየቀኑ የሚጻፈውን። ሕመምተኛዋ ለልቧ ስፓይሮኖላክቶን የምትወስድ ከሆነ የሁለቱ መገናኘት ፖታሲየምን እስከ ልብ ማቆም ሊያደርሰው ይችላል። የሦስት ቀን መድኃኒት ነው፤ ሦስት ቀን ግን በቂ ሊሆን ይችላል።

የሕፃናት መጠን ደግሞ በኪሎ ነው የሚሰላው። እዚህ አገር ሚዛኑ ፓውንድ ይላል። 22 ፓውንድ የምትመዝን ሕፃን 10 ኪሎ ናት። ለጆሮ ኢንፌክሽን አሞክሳሲሊን በቀን እስከ 90 ሚሊግራም በኪሎ ቢታዘዝላት 900 ሚሊግራም ይሆናል፣ ለሁለት ተከፍሎ። 22ቱን ኪሎ ነው ብሎ ያሰበ ሰው 1,980 ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ላያስጠነቅቅም ይችላል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የሕፃን መጠን በወረቀት ሳላሰላ ሴንድ የሚለውን አልነካም።

አሁን ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ በቅጡ ወደማይነግርዎ፣ እርስዎ ግን ከሌላው በተሻለ ወደሚያውቁት ልምጣ። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ አባት የደማቸው የመቅጠን መጠን ወራት ሙሉ ልክ ሆኖ ቆይቶ በመጋቢት በድንገት ይወርዳል። ክኒኑን አላጓደሉም። መልሱ ሁዳዴ ነው፤ ማዕዱ ላይ በየቀኑ ጎመን አለ፣ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ስለሆነ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ያንን ሳያውቅ መጠኑን የጨመረ ሰው፣ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ በዶሮ ወጥ ሲተካ ሕመምተኛውን ለመድማት ያጋልጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ግሊፒዛይድ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ግሊበንክላማይድ ጠዋት ቢውጡ ስኳራቸው ቅዳሴ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ረመዳን የሚጾሙ ሕመምተኞችም እንዲሁ፤ ከጾሙ በፊት ቀደም ብሎ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ይገባል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚታቀብ ሰው ላይ ጉዳቱ ይደራረባል። እግሬ ይነዘንዘኛል የሚሉትን ሁሉ በስኳር ከማሳበብዎ በፊት ቢ12ን ያሳዩ።

ኮዴይንም አለ። ጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይቀይራል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራራቢ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በሌሎች ሕዝቦች ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትንሹን ኮዴይን በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ሊያደርገው ይችላል። የአሜሪካው ኤፍ ዲ ኤ በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መክሯል። አራስ ቤት ያለች እህታችን ለሳል ወይም ለሕመም ኮዴይን ያለበት ነገር ተጽፎላት ስትመጣ ይህን የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ መኖሩ ልዩነት ያመጣል። ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ አንባቢ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ተነስቶ በራሱ አያቁም፤ ያዘዘለትን ባለሙያ ይጠይቅ።

ሁሉንም በቃል መያዝ አይቻልም፣ አይጠበቅብዎትምም። የሚጠበቅብዎት መቼ መጠርጠር እንዳለብዎ ማወቅና ከመፈረምዎ በፊት ማየት ነው። ፋርማሲስት ደውሎ «ይህን እርግጠኛ ነዎት?» ሲልዎ አይቆጡ። አመስግነው እንደገና ይዩት። እኔን ሁለት ጊዜ ከከባድ ስሕተት ያዳነኝ ፋርማሲስት ነው። ፈተናውን አልፈው ሥራ ከጀመሩም በኋላ ማጥናት አይቀርም፤ ሰርተፊኬቱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ከሚፈለገው ተከታታይ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ 25 ሰዓቱ በመድኃኒት ላይ መሆን አለበት።

ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች

ኦክሲኮዶን፣ ዛናክስ፣ አደራል የመሳሰሉትን ለመጻፍ ከስቴቱ ፈቃድ በላይ የፌዴራሉ የዲ ኢ ኤ ቁጥር ያስፈልጋል። ለሦስት ዓመት 888 ዶላር ነው፤ አሠሪዎ ይክፈል አይክፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። ከሰኔ 2023 ጀምሮ ቁጥሩን የሚያወጣ ወይም የሚያድስ ሁሉ ስለ ሱስ ሕክምና የ8 ሰዓት ሥልጠና መውሰዱን ያረጋግጣል። በሁለተኛው መደብ ያሉት ሪፊል የላቸውም፤ የሦስተኛውና የአራተኛው በስድስት ወር ውስጥ ከአምስት ጊዜ አይበልጥም።

ከመጻፍዎ በፊት የስቴቱን የማዘዣ መከታተያ መዝገብ ይከፍታሉ፤ ያ ሰው ባለፉት ወራት ከማን ምን እንደወሰደ ይታያል። ኦፒዮይድና እንደ ዛናክስ ያለ ማረጋጊያ አንድ ላይ መውሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ኤፍ ዲ ኤ በ2016 በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዟል። የሚከብደው ግን ሕጉ አይደለም። ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው ሰው እውነት አሞት ሲያለቅስ «አልጽፍም» ማለት፣ ወይም ሁሉም ሲፈራው የቆየውን ሰው ሕመሙን አምኖ መጻፍ ነው። ሁለቱንም ማድረግ ይጠበቅብዎታል። ጥርጣሬ ያለብዎትን ሰው እንደ ሌባ አያባርሩ፤ የሱስ ሕክምና የሚያገኝበትን ያሳዩት፣ ናሎክሶን ቤቱ እንዲኖር ያድርጉ። ከ2023 ጀምሮ በአፍንጫ የሚነፋው ያለ ማዘዣም ይገኛል።

ኢንሹራንሱና ውሉ

አሠሪዎ ኢንሹራንስ አለን ቢልዎ ዓይነቱን ይጠይቁ። «ኦከረንስ» የሚባለው እዚያ በሠሩበት ጊዜ ለተፈጸመ ነገር ክሱ መቼም ቢመጣ ይሸፍንዎታል። «ክሌምስ ሜድ» የሚባለው ከለቀቁ በኋላ ለሚመጣ ክስ አይሸፍንም፣ «ቴይል» የሚሉትን ተጨማሪ ካልገዙ በቀር፤ እሱም ርካሽ አይደለም። ማን እንደሚከፍለው ሲገቡ ይጻፍ። በስምዎ የተከፈለ ካሣ በብሔራዊው የባለሙያዎች መዝገብ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ አሠሪም ያየዋል።

በቀን ስንት ሰው ያያሉ? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስንት? ሲቸግርዎ ክፍሉ አጠገብ የሚጠይቁት ሰው አለ? ዕረፍት ሲወጡ ያዘዙትን ምርመራ ውጤት ማን ያያል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ከተንተባተበ ሌላ ክሊኒክ ይፈልጉ።

ዘመድ ወዳጅ

ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ላይሰንሱ እንደወጣ ዜናው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። አገር ቤት ብዙ ሰው አንቲባዮቲክ ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ መግዛት ስለለመደ፣ እዚህ የሚያስቸግረው ያ ወረቀት ብቻ ይመስለዋል፤ ወረቀቱ ደግሞ እርስዎ ጋ አለ። ላልመረመሩት፣ ቻርት ላልከፈቱለት ሰው ማዘዝ በቦርድ ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ የእማማ ፌስታል እንዲያ ይሞላል፤ አንዱ ዘመድ ይልካል፣ አንዱ በደግነት ይጽፋል።

መጀመሪያ አካባቢ እምቢ ስል ሰው አስቀይሜያለሁ፤ «ኮርታለች» ተብያለሁ። አሁን የምለውን አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይቺ ሳል እንቢ ብላኛለች፣ አንድ አሞክሳሲሊን ጻፊልኝ» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ሆናት?» አልኳቸው። «ሁለት ወር።» የግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሊዚኖፕሪል ነው አሉኝ፤ ሳል የሚያመጣው ራሱ እሱ ሊሆን ይችላል። «እማማ፣ ሳላይዎት አልጽፍም፤ አይቼ ግን የሚገባዎትን አደርጋለሁ። መድኃኒትዎን ሁሉ በፌስታል ይዘው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይምጡ» አልኳቸው፣ ስልካቸው ላይም ቀጠሮውን እዚያው አስገባሁላቸው።